ብርጭቆ ሙሉ ውሃ

አባቴ መኪና ገማች ነበር። ያገለገለ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አባቴን ይዞ ይሄዳል። አባቴም መኪናዋን ዞሮ ዞሮ ያያትና ከፍቶ፣ ነድቶ፣ በመጨረሻ "ግዛት" ወይም "ተዋት" ይላል። ሻጮች ይፈሩት ነበር። ደላሎች ፊት ለፊቱ ይስቁለታል፣ ዞር ሲል ይረግሙታል። እኔ ግን በዚያ ዕድሜዬ አባቴን ሊያታልል የሚችል ፍጥረት በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ትምህርት በሌለበት ቀን ይዞኝ ይሄዳል። ሥራ ነበረኝ። በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት የምይዘው እኔ ነኝ። እሱ ይቀበለኝና በሩ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ ያስጠጋታል። ከያዘች ቆርቆሮው ጤነኛ ነው። ሸርተት ካለች ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፣ መኪናዋ ተጋጭታ ተለስናለች ማለት ነው። "ቀለም አትይ" ይለኛል። "ቀለም ለሠርግ ነው።" ሞተሩ ሳይነሣ መዳፉን ኮፋኖው ላይ ያሳርፋል። ሞቆ ካገኘው ባለቤቱን ቀና ብሎ ያየዋል። "ስትበርድ መነሣት ታስቸግራለች መሰለኝ" ይላል፤ "ሳንመጣ አሙቀሃታል።" ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ከፍ ያለ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይለቃል። ሞተሩ ተንዘፍዝፎ ከጠፋ ደስ ይለዋል። ሌላው ሰው ሞተር ሲጠፋ ይደነግጣል፣ አባቴ ግን ፈገግ ይላል። ማርሹ ሲይዘው የማይታነቅ ሞተር ፍሪሲዮኑ ያለቀ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ብርጭቆው ነበር። ቂጡ ወፍራም የሆነ፣ ከቤት በጋዜጣ ጠቅልለን የምንይዘው ብርጭቆ ነው። እስከ አፉ ውሃ ሞልቶ ይሰጠኛል። ከኋላ መሐል ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ በሁለት እጄ እይዘዋለሁ። "አትርጂውም፣ አትጉጂውም። ዝም ብለሽ ያዢው።" እሱ ይነዳል። ሲያቆም ዞሮ ቀሚሴን ያያል። ምን ያህል እንደረጠበ አይቶ የመንገዱን ጉድጓድ በሚያለሰልሰው በመኪናዋ ሞላ ላይ ይፈርዳል።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ረጥቤ ስመጣ ከመኪናዋ ሳትነሣ "ደግሞ ዛሬ የማን ቆርቆሮ ነው ልጄን ያጠባት?" ትላለች። መኪናዋ ስል የስፌት መኪናዋን ማለቴ ነው። በእኛ ቤት የእሷም የእሱም መተዳደሪያ መኪና ነበር።

አንድ ማታ እራት ላይ አባቴ "ያገለገለች መኪና ስትገምቺ የሄደችውን መንገድ አትይ" አለኝ። "የቀራትን እይ። ዋጋዋ እሱ ነው።"

"እኔስ?" አለች እናቴ። "እኔ ስንት አወጣለሁ?"

"አንቺ ለገበያ አልቀረብሽም።"

"ወግድ! ገዢ ስለጠፋ ነው እንጂ።"

ሁለቱም ሳቁ። ያን ጊዜ ወገቧን ማመም ጀምሯት ነበር። ስትስቅ አንድ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ወገቧን ትይዛለች፤ እኔ የሳቋ አካል ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የስፌት መኪናዋ ጨርቅ ለበሰች። እናቴ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ሆነች። ጎረቤታችን ነርስ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ እየመጣች መርፌ ትወጋታለች፣ ከአባቴ ጋርም በረንዳ ላይ ቆመው በዝቅተኛ ድምፅ ያወራሉ። ከንግግራቸው የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሩቅ አገር፣ ሐይቅ ዳር ያለ ከተማ ውስጥ፣ እናቴን የሚያድን ሆስፒታል አለ። ሕክምናው ምልልስ ይፈልጋል። አውቶቡስ የማይታሰብ ነው፤ አንድ ጊዜ ሞክረው ገና ከከተማው ሳይወጡ በሰው ሸክም አውርደዋታል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት ሐይቁን ነው። ሐይቅ አይቼ አላውቅም። ቀሚሶቼን አጣጥፌ ከአልጋዬ ሥር በካርቶን አስቀመጥኩ።

በዚያው ሰሞን እንግዶች ይመጡ ጀመር። ባልና ሚስት ነበሩ። ሳሎን በመቀመጥ ፈንታ በየክፍሉ ዞሩ። ሰውዬው ጣቱን አጥፎ ግድግዳውን ኳ ኳ አደረገ። ሴትየዋ እናቴ የሰፋችውን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች። እናቴ ከተኛችበት "መስኮቱ ትንሽ ይይዛል፣ ወደ ላይ ከፍ አርገሽ ሳቢው" አለቻት። ሴትየዋ አፈረች መሰለኝ፣ "ቤቱ ፀሐይ ያገኛል" ብላ ወጣች። እንግዶች ስለነበሩ ምን እንደምናቀርብላቸው ግራ ገብቶኝ ውሃ ይዤ በር ድረስ ተከተልኳቸው። አልጠጡም።

ያ ቤት እናቴ ከአባቷ የወረሰችው ነበር። አሁን የምኖረው እዚያ ነው። መስኮቱ አሁንም ይይዛል።

አባቴ ለሌላ ሰው ሲገምት አንድ ቀን አይፈጅበትም። ለእናቴ ግን መኪና ማግኘት አቃተው። መጀመሪያ የአንድ የታክሲ ሾፌር መኪና አመጣ። እናቴን በትራስ ደግፎ ጋቢና አስቀመጣትና ብርጭቆውን ለእሷ ሰጣት። "ውሃው ካልፈሰሰ ወገብሽም አይነካም" አላት። ለምን ለእኔ እንዳልሰጠኝ ከፍቶኝ ከኋላ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ውሃው ግማሽ ሆነ። እናቴ የሻሿን ጫፍ ነክሳ ነበር። አባቴ መንገዱን ሳይጨርስ ቀስ ብሎ አዞረ። 

አረንጓዴዋን ያገኘልን ቅቤ ነው። ቅቤ ደላላ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ደላሎቹ ራሳቸው ናቸው። ምላሱ ደረቅ ቆዳ ያለሰልሳል ይባላል። አባቴን "ጋሼ" እያለ፣ እኔን "እመቤት" እያለ፣ ከእኛ ብዙም ወደማይርቅ የአንድ ሟች የጥርስ ሐኪም ቤት ወሰደን። የሐኪሙ ሚስት ጋራዡን ከፈተችና ሸራውን ከአንድ ወገን ያዘች። ከሌላው ወገን ቅቤ ያዘ። ሸራው ሲነሣ አቧራው እንደ ጭስ ወጣ፣ ከሥሩም ረጅም፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት ጥቁር አረንጓዴ መኪና ተኝታ ነበር። የማርሽ ዘንጓ ጫፍ ላይ የእጅ ወዝ ያጠቆረው የእንጨት እንቡጥ አለ።

አባቴ እጁን ለማግኔቷ ዘረጋልኝ።

"ኧረ ጋሼ" አለ ቅቤ። "ይቺን ማግኔት ማስጠጋት ነውር ነው። ሙሽራን ጥርስሽን አሳዪኝ እንደማለት ነው።"

"የጥርስ ሐኪም መኪና አይደለች?" አለ አባቴ። "ትለምደዋለች።"

የሐኪሙ ሚስት ሳቀች። ለብዙ ጊዜ እንዳልሳቀች ድምፁ ያስታውቃል። "እሱ ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ነበር የሚያወራው" አለች። "አምስት ማርሽ አላት። አውቶማቲክ ግዛ ስለው፣ እጄ ምን ሊሠራ ነው? ይለኝ ነበር።"

ማግኔቷ ሁሉም ቦታ ያዘች። ኮፋኖው ቀዝቃዛ ነበር። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ፤ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ተንዘፍዝፎ ጠፋ። አባቴ ፈገግ አለ። ከዚያ ብርጭቆውን ሞልቶ ለእኔ ሰጠኝ።

የወንዙን መንገድ ይዘን ወጣን። የጥንቱ ድልድይ ጋ ያለውን የተቦዳደሰ ቦታ አለፍን፤ ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ አዲስ አስፋልት አለ። አባቴ ማርሽ ሲቀያይር ከክንዱ በስተቀር የሚነቃነቅ ነገር አልነበረም። መኪናዋ መንገዱን አትረግጠውም፣ ትዳብሰዋለች። ስናቆም ዞሮ ቀሚሴን አየ። ደረቅ ነበር። በመዳፉም ዳሰሰው። አሁንም ደረቅ ነው።

"እንዲህ ያለችው ለከተማ አልተሠራችም" አለ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅኩም። "ሁለት ሰው ከነሻንጣው አገር ሲያቋርጥ ውሎ፣ ሲወርድ ወገቡን እንዳያመው ተብላ የተሠራች ናት።" መሪው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ትንሽ ቆየ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚስቅ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱ እናቴን ይዘን መጣን። የሐኪሙ ሚስት ወንበሩን ወደ ኋላ እንዴት እንደሚያስተኙት ራሷ አሳየችን። እናቴ ስትቀመጥ ዓይኖቿን ጨፈነች፣ ከዚያ ከፈተቻቸው፣ ከዚያ መዳፏን በሩ ላይ ባለው ቆዳ ላይ አሳረፈች።

"እንዴት ነሽ?" አላት አባቴ።

"እንደ ሚኒስትር ሚስት" አለችው።

ብርጭቆውን ሰጣት። በዚያው በወንዙ መንገድ ወጣን። የተቦዳደሰው ቦታ ላይ ውሃው ጠርዙ ድረስ መጣና ተመለሰ፣ ጠብ አላለም። አባቴ ይህን አየ። አንገቱ ሲፈታ፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ ከኋላ ሆኜ አየሁት፤ ፈገግታው ከኋላም ይታወቃል። ድልድዩን አለፍን። አዲሱ አስፋልት ላይ ወጣን። ሦስተኛ ማርሽ፣ አራተኛ ማርሽ።

እናቴን የማያት በስፖኪዮው በኩል ነበር፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ስለተኛ እጇም ይታየኛል። ወደ ውጭ፣ ወደ ወንዙ እያየች ነበር። ከዚያ ወደ ጭኗ አየች። ከዚያ የእጇ አንጓ ዞረ። ቀስ ብሎ ነው የዞረው፣ ሻይ እንደምትቀዳ። ውሃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ፣ ከቀሚሷ ወንበሩ ላይ፣ ከወንበሩ ወለሉ ላይ ወረደ። ብርጭቆውን ወደነበረበት መለሰችው። ያን ጊዜ ስፖኪዮው ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገናኘን። አመልካች ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"አይ" አለች ለአባቴ። "ይኸው ፈሰሰ።"

አባቴ ዞሮ አየ። ቀሚሷን አየ፣ ብርጭቆውን አየ። ከፊት መስታወት ባሻገር ያለውን መንገድም አየ። መንገዱ ላይ ምንም አልነበረም። ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን አወጣና መኪናዋ በራሷ እየተንከባለለች ዳር ይዛ እስክትቆም ድረስ ጠበቀ።

"ወገብሽንስ?" አላት።

"ነካኝ።"

 ሞተሩ በዝቅታ ያጉረመርማል። አባቴ የእንጨቱን እንቡጥ በመዳፉ ሸፍኖ ወዲያና ወዲህ ያነቃንቀው ነበር።

"ሞላዋ ሞቷል" አለ በመጨረሻ።

"እኔም መስሎኛል" አለች እናቴ።

ቅቤ እብድ ሊሆን ምንም አልቀረው። "ጋሼ፣ ሞላዋ? የዚች? እንደው እግዜሩስ ይወደዋል?" አለ። አባቴ ቁልፉን ለሐኪሙ ሚስት በሁለት እጁ መለሰላት። "ይቅርታ፣ እትዬ። ወንበሩን አርጥበንብዎታል።" ቤት እስክንደርስ እናቴን በክንዱ ደግፎ ሄደ። እኔ ባዶውን ብርጭቆ ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ።

የገባኝ እንዲህ ነበር፦ እናቴ መኪናዋን አልወደደቻትም። የሰው ባል መኪና ስለሆነች፣ ወይም አረንጓዴ ቀለም ስለማትወድ። ስለዚህ ተንኮል ሠራችባት። አባቴ፣ ማንም የማያታልለው አባቴ፣ ተታለለ። ሐይቁ ስለቀረብኝ አዘንኩ፤ ግን ከእናቴ ጋር ምስጢር ነበረኝ። በዓለም ላይ ለሁለታችን ብቻ የተነገረ ምስጢር። ማታ ጸጉሬን ስትሠራልኝ "አልነገርኩትም" አልኳት በሹክሹክታ። ጸጉሬን ይዛ ቆመች። ከዚያ "ጎበዝ" ብላ መሥራቷን ቀጠለች፤ ያን ቀን በጣም አጥብቃ ሠራችው።

እንግዶቹ ባልና ሚስት ሌላ ቤት ገዙ። አባቴ ሌላ መኪና አላመጣም። ካርቶኑን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ቀሚሶቼን መልሼ ሰቀልኩ። ነርሷ አሁን በቀን ሁለት ጊዜ ትመጣለች። እናቴ መስኮቱ ያለበት ክፍል ውስጥ፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል፣ ዝናቡ ሳያባራ ሞተች።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ የነገረችኝ። እናቴን ያክም የነበረው ሐኪም ለብቻዋ አስቀርቶ ነግሯት ነበር። ሐይቅ ዳር ያለው ሆስፒታል ጥቂት ወራት ሊጨምርላት ይችላል፣ ላይጨምርም ይችላል። ቤቱ ግን መኪና ሆኖ፣ መኪናውም መድኃኒት ሆኖ ያልቃል። "ልጄን ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድም አለችኝ" አለች አክስቴ። "ታዲያ ለምን እምቢ አላለችውም?" ብዬ ጠየቅኳት። "ብላው ነበር እኮ። እግሯ ላይ ወደቀ። ሁለተኛ እምቢ የምትልበት አቅም አልነበራትም።"

እምቢታውን ለመኪናዋ ሰጠቻት ማለት ነው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ለአባቴ አዘንኩለት። ሳያውቅ የተታለለ ምስኪን አድርጌ አሰብኩት። አረንጓዴዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁበትን ቀን እስካስታውስ ድረስ። ረስቼው አልነበረም። እንደ ተራ ቀን አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩት።

እናቴ በሞተች በሚቀጥለው በጋ ነበር። አንድ የጨርቅ ነጋዴ አባቴን መኪና ገምትልኝ ብሎ ጠራው። ትምህርት ስላልነበረኝ ማግኔቷን ይዤ ተከተልኩ። የሄድንበት ቤት በር ሲከፈት የቆመችው የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ነበረች። ቅቤም ነበር። አባቴን ሲያይ እንደ ልማዱ አፉን ከፈተና ምንም ሳይል ዘጋው።

አባቴ አረንጓዴዋን አንድ ጊዜ ዞራት። ማግኔቷን አልጠየቀኝም። ነጋዴውን ጋቢና አስቀምጦ፣ እኔን ከኋላ አድርጎ፣ በወንዙ መንገድ ነዳ። ድልድዩ ጋ አዞረ፤ አዲሱ አስፋልት ላይ አልወጣም። ተመልሰን ግቢው ውስጥ ስንቆም ሞተሩን አጠፋና "ግዛት" አለው። "እንከን የላትም።"

"ውሃውስ?" አለ ነጋዴው። "የውሃውን ፈተና ሰምቼ ነው እኮ አንተን የፈለግኩት።"

"ለእሷ ውሃ አያስፈልጋትም።"

"ሞላዋ ደህና ነው ማለት ነው?"

"ከደህናም በላይ። እንዲህ ያለ ሞላ አላየሁም።"

እኔ ደነገጥኩ። አባቴ የረሳ መሰለኝ፤ ሰውዬው ደግሞ ገንዘቡን ሊከፍል ነው።

"አባዬ" አልኩት፣ "ሞላዋ ሞቷል ብለህ አልነበር?"

 ነጋዴው ከእኔ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ አየ። "ምንድን ነው የምትለው ልጅቷ?" አለ።

አባቴ መሪውን ይዞ እንደተቀመጠ ነበር። "ኋላ አሠርተዋት ይሆናል" አለ።

"ማንም አልነካትም" አለች የሐኪሙ ሚስት። ክፋት አልነበረባትም፤ መኪናዋ ስሟ ሲጠፋ ከፍቷት ነው። "ያን ጊዜ እናንተ ከመለሳችኋት ወዲህ ሸራዋን እንኳ ያነሣሁላት ዛሬ ነው። እንደዚያው እንደነበረች ናት…" አለችና ዓይኗ ጋቢናው ወንበር ላይ ያረፈ ይመስለኛል። ቆዳው ላይ ውሃ የጠጣበት ቦታ ደብዝዞ ይታያል። የጀመረችውን አልጨረሰችም። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቅቤ መሬት መሬት ያያል።

"ያን ቀን ተሳስቼ ነው" አለ አባቴ ለነጋዴው። "ግዛት።"

አባቴ ተሳስቻለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። በሰው ፊት እንዲህ በማለቱ አፈርኩ። ማግኔቷን ከጨርቋ ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኳት። ዛሬ ሳስበው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየኝ ደረቁ ቀሚሴ ነው፣ እሱም ላይ ያረፈው መዳፉ። እናቴን ከማስቀመጡ አንድ ቀን በፊት በዚያው መንገድ፣ በዚያው ብርጭቆ፣ በገዛ እጁ መርምሮ ነበር። ጠረጴዛ የመሰለ አስፋልት ላይ ውሃ እንደማይፈስ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አውቆ ነው "ሞላዋ ሞቷል" ያለው። ለእሷ ብሎ ይሁን፣ ለእኔ ብሎ፣ ወይስ ልመናው እሱንም ስላደከመው፣ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ያን ጊዜ እፎይ ብሎ ይሆን ብዬ የማስብባቸው ቀናት አሉ። እነዚያ ቀናት መጥፎ ናቸው።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። አባቴ ቀድሞ ይሄዳል፤ እኔ እሮጥ እሮጥ እያልኩ እደርስበታለሁ።

"አባዬ፣ ያን ቀን ባትሳሳት ኖሮ ሐይቁ ጋ እንሄድ ነበር?"

"እንሄድ ነበር።"

"እማዬም?"

"እማዬም።"

"ከዚያስ?"

 በራችን ጋ ደረስን። አባቴ ቆመና ኪሶቹን መፈተሽ ጀመረ። የኮቱን ፈተሸ፣ የሱሪውን ፈተሸ፣ እንደገና ወደ ኮቱ ተመለሰ። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ጎረቤታችን ነርሷ ከሥራ ስትመለስ አየችን፣ ሰላም ልትለን ቆም አለችና ሳትናገር አለፈች። እሱ አሁንም ኪሶቹን ይፈትሻል።

የቤታችን ቁልፍ እጁ ውስጥ ነበር።